ከደወሌ እስከ ድሬዳዋ፦ የማሽከርከር ሰዓትን ስለ መጠበቅና ሌሊት መኪና ስለሚቆምበት ቦታ

ጥያቄ፦ የተሳቢ ሹፌር፣ ድሬዳዋ

ሰላም ለሁላችሁ፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ።

በዚህ መስመር ተሳቢ ማሽከርከር ከጀመርሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የምኖረው ሳቢያን ሲሆን፣ ሥራዬ ከጅቡቲ ወደብ ኮንቴይነር ጭኜ አንዳንዴ እስከ ድሬዳዋ፣ አንዳንዴም በደንገጎና በጭሮ በኩል እስከ አዲስ አበባ ማድረስ ነው። ዛሬ የምጠይቃችሁ ከሦስት ሳምንት በፊት በደረሰብኝ ነገር ምክንያት ስለሆነ አስቀድሜ እሱን ልንገራችሁ።

ጅቡቲ ላይ ጭነት ለመረከብ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ተሰልፌ ነበር። ሰልፉ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ስለሚንቀሳቀስ ጋቢና ውስጥ ጋደም ብል እንኳ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ሙቀቱም የሚያስተኛ አልነበረም። በማግሥቱ ጭኜ ድንበሩ ላይ ባለችው ደወሌ ፍተሻውን ስጨርስ ከቀኑ 8 ሰዓት ሆኗል። እዚያው ማረፍ እንደነበረብኝ አሁን ይገባኛል፤ ነገር ግን ከስምሪት ክፍል «ዛሬ ማታ ድሬዳዋ ግባ፣ ጠዋት ይራገፋል» የሚል ስልክ ስለተደወለልኝ ጉዞዬን ቀጠልሁ። አይሻን አልፌ ወደ አዲጋላ ስቃረብ ዓይኔ እንደተገለጠ የተኛሁ ይመስለኛል። የማስታውሰው ረዳቴ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ ስሜን እየጠራ ሲጮኽና፣ የቀኙ ጎማ ከአስፋልት ወጥቶ ጠጠሩ ከሥር ሲንኳኳ ነው። ካቆምሁ በኋላ ወርደን የጎማውን ፋና ተከትለን ከመንገድ የወጣሁበትን ቦታ ፍለጋ ሰባ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ተመለስን።

ከዚያ በኋላ መንዳት አልቻልሁም። መንገድ ዳር አቁመን ሁለታችንም ተኛን። ስንነሣ የነዳጅ ታንከሩ ክዳን ተከፍቶ ናፍጣ ተቀድቷል። በወሩ መጨረሻ ላይ የጎደለው ናፍጣ ዋጋ ከደመወዜ ተቆረጠ። እንቅልፍ እያንገላታኝ ስነዳ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ባረፍሁበት ቀን ግን ተቀጣሁ። እስከ ዛሬ ድረስ ከአእምሮዬ ሊወጣ ያልቻለው ይህ ነው።

ስለዚህ ልምድ ያላችሁ ሁሉ እንድትመክሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። በቀን ስንት ሰዓት ብቻ መንዳት እንደሚገባ የምትወስኑት እንዴት ነው? ሕጉስ ምን ይላል? መኪናና ጭነት ሳይነካ ማደር የሚቻለው ቦታ የሚመረጠውስ በምን ምልክት ነው?

መልስ፦ አንጋፋ ሹፌር፣ ለገሀሬ

ወንድሜ፣ እንኳን ፈጣሪ አተረፋችሁ። ረዳትህ ያደረገውን ቀላል ነገር አድርገህ አትየው፤ ከእንግዲህም «ደክሞሃል፣ አቁም» የማለት ሥልጣን እንዳለው አንተው ራስህ በግልጽ ንገረው።

እኔ በከባድ መኪና ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ፤ በሚሌና በጋላፊ በኩልም፣ በእኛው በደወሌ በኩልም ተመላልሻለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን የተረዳሁት ነገር፣ ሹፌር ሰዓቱን የሚጠብቀው መንገድ ከገባ በኋላ ሳይሆን ገና ሳይነሣ መሆኑን ነው። ድካም አንዴ ከያዘው በኋላ ሰው ስለ ራሱ ትክክለኛ ፍርድ መስጠት ያቅተዋል፤ ሁልጊዜም «ትንሽ ነው የቀረኝ» ይላል። ስለዚህ የማድርበትን ግቢ ሳልወስን ሞተር አላስነሣም፤ የምነሣበትንም ሰዓት የማሰላው ከማደሪያዬ ወደ ኋላ ቆጥሬ ነው። ከድሬዳዋ እስከ ደወሌ ያለው የክፍያ መንገድ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የተጫነ ተሳቢ ዳገቱንና ኬላውን ጨምሮ በአማካይ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ ወደ አምስት ሰዓት ይፈጅበታል፤ ለዕረፍትና ጎማ ለማየት አንድ ሰዓት ስትጨምርበት ስድስት ይሆናል። እንግዲህ ፀሐይ ሳትጠልቅ ድሬዳዋ መግባት የሚፈልግ ሰው ደወሌን ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት መልቀቅ አለበት፤ ያ ሰዓት ካለፈበት ግን እዚያው አድሮ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ይነሣል። አንተ በ8 ሰዓት ስትነሣ፣ ሌሊቱን ሙሉ ተኝተህ ቢሆን ኖሮ እንኳ፣ የመጨረሻውን ሁለት ሰዓት በጨለማ ትነዳ ነበር።

ሰውነትም የራሱ ሰዓት አለው። እንቅልፍ በጣም የሚበረታው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ድረስ ነው፤ ከዚያም ምሳ ከተበላ በኋላ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ በድጋሚ ይመጣል። ያንተም የደረሰው በዚሁ ሰዓት፣ ያውም በዚያ በረሃ ሙቀት ነው። ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የማሽከርከር ብቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚስተካከል፣ 24 ሰዓት ሲሞላው ደግሞ 0.10 በመቶ ካለበት ሰው ጋር እንደሚተካከል ተመርምሮ የታወቀ ነው። አንተ ከዚያም አልፈህ ነበር። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል፤ ተመልሳችሁ የቆጠራችሁት ሰባ እርምጃ ከሦስት ሰከንድ እንቅልፍ ብዙም አይበልጥም።

አሁን ወደ ማደሪያው ልምጣ። ብቻህን መንገድ ዳር ከማቆም ከተማ ገብተህ ዘበኛ ያለው ግቢ ውስጥ ማደር ይሻላል። ግቢውን ግን በቀን ብርሃን እየው፤ በሌሊት ሁሉም ግቢ አንድ ይመስላል። ዘበኛው ሌሊቱን በእውነት የሚነቃ ነው? መብራቱ እስከ ጥግ ይደርሳል? መሬቱ የተጫነ መኪና ሲቆምበት አይሰምጥም? ጠዋት ሌላውን መኪና ሳታስነሣ መውጣት ትችላለህ? በክረምት ደግሞ ጥላ አለው ብለህ የወንዝ አሸዋ ላይ ወይም ዳርቻው ላይ ፈጽሞ እንዳታቆም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው እንደወሰደ የድሬዳዋ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ደጋው ላይ ከዘነበ ዝናብ ስለሆነ አንተ ያለህበት ቦታ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ሊደርስብህ ይችላል።

ካቆምህ በኋላ የኮንቴይነሩን በር ከግንብ ጋር፣ ግንብ ከሌለ ደግሞ ከባልደረባህ ኮንቴይነር በር ጋር እጅ እንኳ እንዳይገባ አድርገህ አስጠጋው። በዚህ ሁኔታ በሩን መክፈት የሚፈልግ ሰው መኪናውን ማንቀሳቀስ አለበት፤ መኪናው ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ጋቢና ውስጥ ያለህ አንተ ትነቃለህ። ጭነቱ ሸራ የለበሰ ከሆነ የገመዱን የመጨረሻ ቋጠሮ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አኳኋን፣ በሹፌሩ በኩል እሰረው፤ በሌሊት የነካው ሰው ካለ ጠዋት ቋጠሮው ያሳብቅበታል። የነዳጅ ታንከሩን ቆልፍ፣ ታንከሩ ያለበትን ጎን ወደ መብራቱ አዙር፣ ከመተኛትህ በፊትም የናፍጣውን ልክ ጻፍ። የጉምሩኩን ማኅተም ቁጥሩ በግልጽ እንዲነበብ አድርገህ ማታ አንዴ፣ ጠዋት አንዴ በስልክህ ፎቶ አንሣው። ይህ ሁሉ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ነገር ቢመጣ ግን ምን እንደ ጎደለና መቼ እንደ ጎደለ የምታስረዳበት ማስረጃ ይሆንሃል።

ስለ ጫት ሳልናገር ባልፍ እውነቱን እንደ ደበቅሁህ ይቆጠራል። እኔ ራሴ አሥራ አራት ዓመት ያህል ያለ ጫት ሌሊት ነድቼ አላውቅም ነበር። ምርቃና እንቅልፍን ለጊዜው ያባርራል እንጂ ድካምን አያስወግድም። ዓይን ይፈጥጣል፣ እግር ነዳጅ ላይ ይከብዳል፣ ሰውየውም ከሚችለው በላይ እችላለሁ ብሎ ያምናል። ሲወርድ ደግሞ የተጠራቀመው እንቅልፍ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ንጋት ላይ፣ ሰውነት ራሱ በሚዝልበት ሰዓት ነው። ከዚህም የባሰው፣ መልካም ማደሪያ አግኝተህ ብትተኛ እንኳ ሌሊቱን ስትገላበጥ አድረህ በማግሥቱ ለመንቃት እንደገና ጫት መፈለግህ ነው። እኔ የተውሁት አንድ ባልደረባዬን ከቀበርን በኋላ ነው፤ ከዚህ በላይ አልናገርም። አሁን መንገድ ላይ ድካም ከተሰማኝ አቁሜ ቡና ጠጥቼ ወዲያው ሃያ ደቂቃ እተኛለሁ። ቡናው ሥራውን የሚጀምረው ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ስለሆነ ስነሣ ሁለቱም ያግዙኛል። ይህም ቢሆን እስከሚቀጥለው ማደሪያ ያደርሳል እንጂ የሌሊት እንቅልፍን አይተካም።

መልስ፦ የስምሪት ሠራተኛ፣ ድሬዳዋ

ወንድሜ፣ እኔ በጭነት ማመላለሻ ድርጅት ውስጥ በስምሪት ሥራ ላይ ያለሁ ሴት ነኝ። ጽሑፍዎን ሳነብ «ዛሬ ማታ ግባ» የሚለውን ስልክ እኔም ብዙ ጊዜ እንደ ደወልሁት አስታውሼ እጅግ አዘንሁ። ደዋዩ የሚያየው የኮንቴይነሩን የመመለሻ ቀንና የደንበኛውን ቁጣ ነው፤ ሹፌሩ ስንት ሰዓት እንደ ነቃ በጂፒኤሱ ላይ አይታይም።

ስለ ሕጉ ለጠየቁት፦ ተቀጥረው የሚሠሩ ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይመለከትዎታል። በዚህ አዋጅ መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ሊበልጥ አይችልም፤ በየሳምንቱ ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት አለ። ብዙ ሹፌሮች የማያስተውሉት ነገር ደግሞ አዋጁ የሥራ ሰዓት የሚለው ሠራተኛው ሥራውን የሚያከናውንበትን ጊዜ ብቻ ሳይሆን ራሱን ለሥራ ዝግጁ አድርጎ የሚገኝበትንም ጊዜ መሆኑን ነው። እርስዎ ወደብ ላይ ተሰልፈው፣ መኪናውን በየጊዜው እያስጠጉ የቆዩበት ሰዓት ዕረፍት አልነበረም። መሪ የያዙት ደወሌ ላይ ቢሆንም ሥራ የጀመሩት ከዚያ በፊት ባለው ቀን ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያውም ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከመደበኛው አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ደግሞ 1.75 እጥፍ ነው።

ስለ ማሽከርከር ብቻ ለይቶ የሚናገረው በ1979 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 153 ሲሆን፣ አንድ ሹፌር ያለ ዕረፍት ከ4 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ፣ ትርፍ ሰዓትን ጨምሮ በቀን ከ9፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳያልፍ፣ በየ24 ሰዓቱም ቢያንስ 10 ተከታታይ ሰዓት እንዲያርፍ ይላል። እኔ ስምሪት ስሠራ መለኪያ አድርጌ የያዝሁት ይህንን ነው፤ ለመንገዳችንም የሚስማማ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከደመወዝዎ ስለ ተቆረጠው ገንዘብ፦ በዚሁ አዋጅ አሠሪው ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ መቁረጥ የሚችለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲፈቀድ፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። የፈረሙት ወረቀት እንዳለ ያጣሩ፤ ከሌለ ገንዘቡ እንዲመለስልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ፣ መልስ ካላገኙም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ወደሚከታተለው የመንግሥት ቢሮ መሄድ ይችላሉ።

በእኔ በኩል ሹፌር ስልክ ሲያነሣልኝ አሁን የምጠይቀው መጨረሻ የተኛበትን ሰዓትና ዛሬ የሚያድርበትን ግቢ ነው። ለደንበኛውም ተሳቢው የሚደርስበትን ሰዓት በማግሥቱ ጠዋት ሳይሆን ከሰዓት በኋላ አድርጌ እሰጣለሁ። ያኮረፈ ደንበኛ አጋጥሞኛል፤ ጥሎኝ የሄደ ግን እስካሁን የለም። የማደሪያውን ክፍያ ደግሞ ደረሰኝ ካመጣ ከአበሉ ሳይቀነስ ድርጅቱ እንዲከፍል አስፈቅጃለሁ፤ ሹፌሩ ከኪሱ የሚከፍል ከሆነ ገንዘቡን ለቤቱ ለማትረፍ ሲል መንገድ ዳር ቢያድር አልፈርድበትም።

መልስ፦ የቦቴ ሹፌር፣ ሐረር

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ወደ አዲስ አበባ የምትወጣና የምትወርድ ከሆነ ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ ያለውን ቁልቁለት በድካም ሰዓት እንዳትወርደው። ድካም ያለበት ሹፌር ማርሽ ሳይቀንስ ይገባና ፍሬን ላይ ብቻ ይተማመናል፤ ፍሬኑ ከጋለ በኋላ ደግሞ የሚያድነው የለም። ከላይ አቁመህ፣ ታኮ አስገብተህ፣ ጎማና ፍሬን አቀዝቅዘህ፣ ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ወይም ከዚያ ዝቅ ባለው ውረድ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለቁሉቢ ገብርኤል ንግሥ የሚሄደው ሕዝብ ሌሊቱን በእግሩ መንገዱን ሞልቶ ስለሚጓዝ በእነዚያ ዋዜማዎች እኔ ጭሮ ላይ ወይም ሐረር ላይ ቆሜ አሳልፋለሁ። ግቢ ውስጥ ከነዳጅ ቦቴ አጠገብ ማደርንም አልመክርህም፤ እኔ ራሴ ከሌሎች ርቄ ነው የማቆመው፣ በአጠገቤ ምድጃ የሚያነድድ ሰው ካለም ቦታ እቀይራለሁ።

መልስ፦ የድሬ ልጅ፣ አሜሪካ

ወንድሜ፣ እኔም ተወልጄ ያደግሁት ከዚራ ነው። አሁን በአሜሪካ ረጅም መንገድ የሚጓዝ ተሳቢ እነዳለሁ። ሕጉ የጠበቀ በሆነበት አገርም የማቆሚያው ችግር እንዳልተፈታ ብነግርህ ይጠቅምህ ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

እዚህ 10 ተከታታይ ሰዓት ካረፍህ በኋላ መንዳት የሚፈቀድልህ 11 ሰዓት ነው፤ እሱም ሥራ ከጀመርህበት ደቂቃ አንሥቶ በሚቆጠር የ14 ሰዓት ክልል ውስጥ ማለቅ አለበት። 8 ሰዓት ከነዳህ ቢያንስ የ30 ደቂቃ ዕረፍት ግዴታ ነው። ከ2017 መጨረሻ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ ይህን ሁሉ ከሞተሩ ጋር የተያያዘ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይመዘግበዋል። መሣሪያው ከመጣ በኋላ አለቃ «ትንሽ ጨምር» ቢልህ የማትጨምርበት ማስረጃ በእጅህ አለ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የ14ቱ ሰዓት ቆጠራ ለመጫን ተሰልፈህ ስትጠብቅም አይቆምም። ስለዚህ መጋዘን በር ላይ አምስት ሰዓት ያቆዩህ ቀን፣ ማታ ላይ ሰዓትህ እያለቀ ማቆሚያ ፍለጋ ትዞራለህ፤ ማቆሚያዎቹ ደግሞ ከመሸ ሞልተዋል። በአገሪቱ የተደረገ የሹፌሮች መዝገብ ጥናት፣ አንድ ሹፌር ቦታ እንዳያጣ ፈርቶ ገና መንዳት እየቻለ ቀድሞ በማቆም በቀን በአማካይ 56 ደቂቃ እንደሚሠዋ አሳይቷል። እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ፤ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ተነሥቼ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቆሜ እገኛለሁ።

እዚህ በ2012 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣ በጄሰን ስም የሚጠራ ሕግ አለ። ጄሰን ወጣት ሹፌር ነበር፤ በ2009 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ የሚያራግፍበት ቦታ ገና ስላልተከፈተ ሥራ ባቆመ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ቆሞ ሲጠብቅ ለዘረፋ በመጣ ሰው ተገደለ። ባለቤቱ ባደረገችው ትግል የፌዴራል መንግሥት የከባድ መኪና ማቆሚያ እጥረትን እንዲያጠናና ለግንባታው ገንዘብ እንዲውል የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ሹፌር በማይታመን ቦታ የሚያቆመው ማቆሚያ ስለሌለ እንጂ ስለሰነፈ አለመሆኑን አገር እንዲያምን ያደረገው ይህ ሞት ነው። እናንተም የደረሰባችሁን ስርቆት ሁሉ ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ በማኅበራችሁ በኩል ብታቀርቡ፣ በደወሌ መንገድ ላይ ጥበቃ ያለው ማደሪያ የት የት እንደሚያስፈልግ በካርታ ላይ የሚታይ ይሆናል።

መሣሪያ ባይኖርህ ደብተር ይበቃሃል። መቼ እንደ ተኛሁ፣ መቼ እንደ ነቃሁ፣ መቼ መሪ እንደ ያዝሁ፣ መቼ እንደ ቆምሁ፤ እኔ ከመሣሪያው በፊት እንዲህ ነበር የምጽፈው።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የእርስዎን መልስ ለረዳቴ ጮክ ብዬ አንብቤለታለሁ፤ «አቁም» የማለት ሥልጣኑንም ከዛሬ ጀምሮ በፊታችሁ ሰጥቼዋለሁ። እህቴ፣ የደመወዝ ቅነሳውን በተመለከተ የፈረምሁት ወረቀት እንደሌለ አረጋግጬ ጥያቄዬን በጽሑፍ አስገብቻለሁ፤ ለጊዜው «እናየዋለን» ከሚል በስተቀር መልስ አላገኘሁም።

ባለፈው ጉዞዬ የመከራችሁኝን ሞከርሁት። ደወሌን ስጨርስ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ነበር። ከስምሪት ሲደወልልኝ ወደብ ላይ የቆየሁበትን ሰዓት ከደብተሬ አንብቤ ነገርኋቸውና ነገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንደምነሣ፣ 5 ሰዓት ላይ ድሬዳዋ እንደምደርስ አስታወቅሁ። በስልኩ ውስጥ ዝምታው ረዘም አለ፤ ከዚያ «እሺ፣ ለደንበኛው እንነግራለን» አሉኝ። ሦስት ተሳቢዎች ሆነን በር ለበር ገጥመን አደርን። ጠዋት ናፍጣው በለካሁት ልክ ነበር፣ የማኅተሙም ቁጥር ከማታው ፎቶ ጋር አንድ ነው። አዲጋላ አካባቢ ያ ከመንገድ የወጣሁበት ቦታ ስንደርስ ረዳቴ በጣቱ አሳየኝ፤ ሁለታችንም ነቅተን ነበር።

ለጋሼ የቀረኝ አንድ ጥያቄ አለ። ሦስት ሆነን ስንገጥም የሦስተኛው በር ክፍት ይቀራልና፣ ግንብ በሌለበት ቦታ እሱን እንዴት ያቆሙታል?

መልስ፦ አንጋፋ ሹፌር፣ ለገሀሬ

ሦስተኛውን ከሁለቱ መገናኛ ጎን አግድም አምጥተህ፣ በሩ ከአንደኛው ኮንቴይነር ጎን ጋር እንዲጋጠም አድርገው። የሦስተኛው ሹፌር ጠዋት ቀድሞ የሚነሣው እንዲሆን ማታ ተስማሙ፤ አለዚያ ሁላችሁም እሱን ትጠብቃላችሁ።